አገር በቀል ዛፍ በከተማ፦ የመቱና የኢሉባቦር ከተሞች ደንብ ምን ይለካ?

ኢሉባቦር በሀገራችን ዝናብ አብዝቶ ከሚጥልባቸው አካባቢዎች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። የጎሬ ከተማ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውኃ ማለት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር በዓመት 2000 ሊትር ገደማ ውኃ ይቀበላል። ይህ ውኃ በደን ውስጥ ሲወርድ ወደ አፈር ሰርጎ ምንጭ ይሆናል፤ በከተማ ባዶ ግቢ ላይ ሲወርድ ግን አፈሩን አጥቦ ጎርፍ ይሆናል። ለልዩነቱ ዋናው ምክንያት በሰማይና በአፈር መካከል የቆመው ተክል ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን ለመዳሰስ እንሞክራለን። አገር በቀል ተክል ስንል ምን ማለታችን ነው? እንዲህ ያለው ተክል በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ ከተሞች ውስጥ ምን ሥራ ይሠራል? ሕጎቻችንስ ስለዚህ ጉዳይ ምን ያዛሉ፣ ምንስ ያበረታታሉ? ጸሐፊው የፊዚክስ መምህር እንጂ የዕፅዋት ሊቅ ስላልሆነ፣ ጉዳዩን የሚመለከተው በአብዛኛው ከመለኪያ አንጻር ነው። አንድ ደንብ፣ እንደ ሚዛን ወይም እንደ ሜትር፣ የሚለካው ነገር አለው። የሚለካው ትክክለኛውን ነገር ካልሆነ ግን የቱንም ያህል በጥብቅ ቢተገበር የታሰበውን ውጤት አያመጣም።

አገር በቀል ማለት ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥናት በ8 ጥራዞች ታትሟል። ከዚህ ጥናት እንደምንረዳው በአካባቢያችን 6000 ገደማ የከፍተኛ ዕፅዋት ዝርያዎች ሲኖሩ፣ ከእነዚህ 10 በመቶ ያህሉ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ናቸው። በኢሉባቦር ቡና ጥላ ሆኖ የሚያገለግለው ብርብራ (በኦሮምኛ ሶተሎ) ከእነዚህ አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ «አገር በቀል» የሚለው ቃል ጥንቃቄ ይጠይቃል። ተክል የሚያውቀው ከፍታን፣ ሙቀትን፣ ዝናብንና አፈርን እንጂ የሀገር ወሰንን አይደለም። ኮሶ ኢትዮጵያዊ ዛፍ ቢሆንም ቦታው ብርዳማው ደጋ ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ግራርም እንዲሁ የደረቅ ቆላ ዛፍ ነው። ስለዚህ ለመቱ ከተማ አገር በቀል የምንለው በኢትዮጵያ ውስጥ የበቀለን ሁሉ ሳይሆን፣ በደቡብ ምዕራቡ እርጥብ ደንና በአካባቢው ገጠር የሚገኘውን ነው። ዋንዛ (ወዴሳ)፣ ጥቁር እንጨት (ሆሚ)፣ ቀረሮ፣ ብሳና (በከኒሳ)፣ ዶቅማ (በዴሳ)፣ ሳሳ፣ ሾላ (ሀርቡ)፣ ግራዋ (ኤቢቻ) ለዚህ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው።

ከውጭ የመጡት ደግሞ በከተሞቻችን በየመንገዱ ይታያሉ። ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ከአውስትራሊያ፣ የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከማዕከላዊ አሜሪካ፣ ጃካራንዳ ከደቡብ አሜሪካ የመጡ ናቸው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከገባ ወዲህ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የሰጠውን አገልግሎት መካድ አይቻልም። ከውጭ የመጣ ሁሉ ጎጂ ነው ማለትም ሳይንሳዊ አይሆንም፤ ብዙዎቹ በተተከሉበት ቦታ ብቻ ተወስነው ይኖራሉ። ነገር ግን ከመካከላቸው ከአጥር አምልጠው የሚስፋፉ አሉ። የወፍ ቆሎ በአበባው ውበት ምክንያት ለጌጥ በዓለም ዙሪያ የተሠራጨ የሐሩራማው አሜሪካ ቁጥቋጦ ነው፤ ዛሬ ግን በምሥራቅ ኢትዮጵያ የግጦሽ መሬትን የሚወርር አረም ሆኗል። ለግቢ ጌጥ የሚደረግ ምርጫ የግቢው ባለቤት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ይህ ምሳሌ ያሳያል።

የዝናብ ጠብታ ኢነርጂ

ብዙ ሰው ዛፍ ካለ አፈር አይታጠብም ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ሁልጊዜ ትክክል አለመሆኑን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል።

አንድ ጠብታ ሲወድቅ መጀመሪያ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ የአየሩ መከላከያ ኃይል ከጠብታው ክብደት ጋር ሲስተካከል ግን ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆማል። ይህ የመጨረሻ ፍጥነት 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው የዝናብ ጠብታ በሴኮንድ 6.5 ሜትር ያህል፣ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ደግሞ 9 ሜትር ያህል ነው። የእንቅስቃሴ ኢነርጂ የመጠነ ቁስ ግማሽ በፍጥነት ካሬ ተባዝቶ የሚገኝ ስለሆነ፣ በትናንሾቹ ጠብታዎች የሚወርድ 1 ሊትር ውኃ መሬት ሲመታ 21 ጁል ያህል ኢነርጂ ይኖረዋል።

አሁን በዚያው ቦታ ረጅም ዛፍ እናቁም። ትናንሾቹ ጠብታዎች ቅጠሉ ላይ ተጠራቅመው ትልቅ ጠብታ ይሆናሉ፤ ከዚያም ከቅጠሉ ጫፍ ይወድቃሉ። የዚህ ጠብታ ስፋት 5 ሚሊ ሜትር፣ የሚወድቅበት ከፍታ 10 ሜትር ነው እንበል። መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሴኮንድ 8.7 ሜትር ያህል ይሆናል፤ የአንዱ ሊትር ኢነርጂም ወደ 37 ጁል ያድጋል። ዛፉ የዝናቡን ጥቂት ክፍል በቅጠሉ ላይ አስቀርቶ ወደ አየር እንደሚመልስ እውነት ነው። ያም ሆኖ ከሥሩ ያለው መሬት ተጠርጎ ባዶ ከሆነ፣ የሚደርሰው እያንዳንዱ ሊትር ከሜዳው ዝናብ የበለጠ አፈሩን ይመታል።

በረጅሙ ዛፍ ሥር 2 ሜትር ከፍታ ያለው የቡና ተክል ብንጨምርስ? ጠብታው በቡናው ቅጠል ላይ ቆሞ ጉዞውን እንደገና ከ2 ሜትር ስለሚጀምር ኢነርጂው በሊትር ወደ 16 ጁል ይወርዳል። ከቡናው በታች ደግሞ ግማሽ ሜትር የሚሆን ለምለም ተክል ካለ 5 ጁል ያህል ብቻ ይቀራል። በመጨረሻም መሬቱን የሸፈነው የረገፈ ቅጠል የቀረውን ይቀበላል።

ከዚህ ስሌት አንድ ግልጽ ትምህርት እናገኛለን። አፈርን የሚጠብቀው የዛፍ ብዛት ሳይሆን የተክል ደርብ ነው። በመንገድ ዳር በአንድ መስመር የተተከሉ፣ ሥራቸው ተጠርጎ የተራቆተ ረጃጅም ዛፎች ለዓይን አረንጓዴ ቢመስሉም የአፈሩን ችግር ሊያባብሱ ይችላሉ።

ጥላና ትነት

ሁለተኛው የዛፍ ሥራ ማቀዝቀዝ ነው። 1 ኪሎ ግራም ውኃ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለመትነን 2.45 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። አንድ ትልቅ ዛፍ በበጋ ቀን 100 ሊትር ውኃ በቅጠሎቹ አማካይነት አተነነ እንበል። ይህ 245 ሚሊዮን ጁል ወይም 68 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ የ1000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ለ68 ሰዓት ቢበራ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር እኩል ይሆናል። ይህ ኢነርጂ አይጠፋም፤ ተክሉንና አካባቢውን ሳያሞቅ ከተነነው ውኃ ጋር ይሄዳል። አየሩ በእርጥበት በተሞላበት ክረምት ትነቱ አነስተኛ በመሆኑ ጥቅሙ የሚጎላው በበጋ ነው፤ ለዚያም በአፈሩ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ያስፈልጋል። ጠብታውን ያቀዘቀዘው ደርብ ለበጋው ማቀዝቀዣ ውኃ አስቀማጭም ነው ማለት ይቻላል።

ዛፉ የሚተከልበት አቅጣጫም ዋጋ አለው። መቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ8.3 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት ፀሐይ በእኩለ ቀን በትክክል አናት ላይ የምትውለው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ነው። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል በእኩለ ቀን በሰሜን በኩል ስትሆን፣ በቀሪዎቹ ወራት በደቡብ በኩል ናት። በታኅሣሥ 12 ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለምትል፣ 10 ሜትር ዛፍ ወደ ሰሜን 6 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ስለዚህ በበጋው ቤትን ወይም የመማሪያ ክፍልን ለማቀዝቀዝ የሚፈልግ ዛፉን በሕንፃው ደቡብና በተለይም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምታጠቃው በምዕራብ በኩል ቢተክል ይጠቀማል።

ከቡናው ደን የምንማረው

ከላይ በስሌት ያገኘነው የደርብ አተካከል አዲስ ግኝት አይደለም። በኢሉባቦር ደን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው። ከላይ ቀረሮና ሌሎች ግዙፍ ዛፎች፣ ከእነርሱ በታች ብርብራና ሳሳ፣ ቀጥሎ ቡና፣ ከመሬት ዘንድ ኮረሪማና ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠል ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዮ ቡና ደን ባዮስፌር 167,021 ሄክታር ስፋት አለው።

የዚህ አካባቢ ተክል ለሀገር የከፈለውን ውለታ ማስታወስ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ሲታይ የሀገሪቱ ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ አደጋ ላይ ወድቆ ነበር። ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ፍለጋ ሲወጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በመቱ አካባቢ ከቢሻሪ ከመረጧቸው ዛፎች 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ተገኙ። የቁጥሮቹ መጀመሪያ የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። እነዚህ ዝርያዎች ዛሬም በሰፊው ይተከላሉ። ቀድሞ ማንም ልዩ ዋጋ ያልሰጠው የአንድ መንደር ቡና በችግር ቀን መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። የአካባቢን ተክል መጠበቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ አስተሳሰብ አለ። ጃፓናዊው የዕፅዋት ሊቅ አኪራ ሚያዋኪ የአካባቢውን ዝርያዎች ብቻ መርጠው፣ ረጅሙንና አጭሩን ቀላቅለው፣ በትንሽ ቦታ አጠጋግተው በመትከል ይታወቃሉ። ዘዴው በፋብሪካና በትምህርት ቤት ግቢ ጭምር ተሠርቶበታል። ብዙ ችግኝ ስለሚጠይቅ ወጪው ከፍ ይላል፤ ሆኖም ሰፊ መሬት የሌለው የከተማ ግቢም ደርብ ያለው ደን ሊይዝ እንደሚችል አሳይቷል።

ሕጎቹ ምን ይላሉ?

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በደን በኩል አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠቅሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 542/1999፣ ያም በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ተተክቷል። የኦሮሚያ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የደን አዋጅ ቁጥር 72 አውጥቷል። ጥቁር እንጨት ደግሞ ቅርፊቱ ለመድኃኒት ስለሚፈለግ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል።

በከተማ በኩል የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የከተማ መዋቅራዊ ፕላን የአካባቢ ጉዳዮችን ማመልከት እንዳለበት ይናገራል። የከተማ ልማት ሚኒስቴር ያስፋፋው መመሪያ ደግሞ ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲውል ይመክራል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በበኩሉ በአራት ዓመት 20 ቢሊዮን ችግኝ የመትከል ግብ ይዞ ነበር የተነሣው። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ባሕር ዛፍ ይበዛበት በነበረ ተራራ ላይ አገር በቀል ዕፅዋትን መልሶ ማልማት ዋና ሥራው አድርጓል።

እንግዲህ እነዚህ ሕጎችና መመሪያዎች ምን ይለካሉ ብለን እንጠይቅ። አንዱ ቁረጣን ይከለክላል፤ ሌላው ስፋትን በመቶኛ ይለካል፤ ሦስተኛው የተተከለ ችግኝን ይቆጥራል። ሦስቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ዋናውን ጥያቄ፣ ማለትም ምን ተተከለ፣ እንዴት ተደራጀ፣ ስንቱ ጸደቀ የሚለውን፣ አይመልሱም። ሠላሳ በመቶው ሁሉ በተከረከመ ሣርና በፈረንጅ ጥድ አጥር ቢሸፈን መለኪያው ይሟላል፤ ጠብታው ግን አፈሩን መምታቱን አያቆምም።

ክልከላ ብቻውንም ያልታሰበ ውጤት ሊያስከትል ይችላል። አንድ ነዋሪ በግቢው የበቀለን ዋንዛ ነገ ለመቁረጥ ፈቃድ ፍለጋ እንደሚንከራተት ካወቀ፣ ችግኙን ገና በለጋነቱ ነቅሎ በምትኩ ማንም የማይጠይቀውን ባሕር ዛፍ ቢተክል አያስደንቅም። እንዲህ ከሆነ ዛፉን ለመጠበቅ የወጣው ሕግ ዛፉ እንዳይተከል ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ ከክልከላው ጎን ማበረታቻ መቆም አለበት።

ደንቡ ምን ይለካ?

በጸሐፊው አስተያየት የመቱ፣ የጎሬ፣ የሁሩሙ፣ የያዮና የቡሬ ከተሞች፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. እስከ 2016 በኢሉባቦር ዞን ሥር የነበረችው በደሌ፣ የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች በደንባቸው ቢያካትቱ ይጠቀማሉ።

አንደኛ፣ የሚቆጠረው የተተከለው ሳይሆን በሦስተኛው ዓመት ቆሞ የተገኘው ችግኝ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ለአዲስ ሕንፃ፣ ለትምህርት ቤትና ለመሥሪያ ቤት ግቢ የሚጠየቀው አረንጓዴ ቦታ ቢያንስ ሦስት ደርብ እንዲኖረው ይደረግ፤ እነዚህም ዛፍ፣ ቁጥቋጦና መሬት ሸፋኝ ተክል ናቸው። የረገፈ ቅጠልም እንደ ቆሻሻ ተጠርጎ እንዳይቃጠል ይመከር።

ሦስተኛ፣ ነዋሪው ራሱ የተከለውን አገር በቀል ዛፍ በቀበሌው አስመዝግቦ የምስክር ወረቀት ይውሰድ። ዛፉ ሲደርስ በምትኩ ሌላ ተክሎ የመጠቀም መብቱ በቅድሚያ ይረጋገጥለት።

አራተኛ፣ ማበረታቻው ከችግኝ ጣቢያው ይጀምር። የባሕር ዛፍና የግራቪሊያ ዘር ቀላልና ለማስቀመጥ የሚመች ሲሆን፣ እንደ ዶቅማና ቀረሮ ያሉት የእርጥብ ደን ዛፎች ዘር ግን ከደረቀ የመብቀል ኃይሉን በፍጥነት ያጣል። ከመጋዘን ሊታዘዝ አይችልም፤ በበሰለበት ሰሞን ተለቅሞ ወዲያው መዘራት አለበት። ለዚህም እናት ዛፎች በቅርብ መኖር አለባቸው። ስለሆነም በከተማው ውስጥ የቀሩ ትልልቅ አገር በቀል ዛፎች ተመዝግበው ቁጥር ቢሰጣቸው፣ መንገድ ሲሰፋም አስቀድሞ ዘራቸው ቢሰበሰብ መልካም ነው። አንድ ያረጀ ቀረሮ ሲወድቅ የሚጠፋው ጥላው ብቻ ሳይሆን የወደፊት ችግኝ ጣቢያውም ነው።

አምስተኛ፣ ሊተከሉ የማይገባቸው ወራሪ ተክሎች በስም ይዘርዘሩ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ደንብ ወራሪ ተክሎችን በምድብ ከፍላ የትኛው እንደሚወገድ፣ የትኛው በፈቃድ እንደሚያዝ ለይታለች፤ የወፍ ቆሎም ከተዘረዘሩት አንዱ ነው።

ደንቡ አገር በቀል ስለሆነ ብቻ ማንኛውንም ዛፍ በማንኛውም ቦታ እንዲተከል ማዘዝ የለበትም። ዋርካና ሾላ ሥራቸው ኃይለኛ ስለሆነ ለቤት መሠረትና ለውኃ ቧንቧ አይመቹም፤ ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ። ቀረሮ ከ30 ሜትር በላይ ሊያድግ ስለሚችል በኤሌክትሪክ መስመር ሥር ቢተከል መጨረሻው መቆረጥ ነው። በመስመር ሥር ግራዋና ቡና፣ በመንገድ ዳር ዋንዛና ብርብራ፣ በወንዝ ዳርና በሰፊ ግቢ ደግሞ ትልልቆቹ ቢመረጡ ይሻላል። ባሕር ዛፍም ከምንጭና ከወንዝ ርቆ፣ ለማገዶ በተለየ ቦታ ቢለማ የሚቃወመው አይኖርም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው በከተማ ውስጥ ተክል የሚሠራው ሥራ በጁል፣ በሊትርና በሜትር ሊለካ የሚችል ነው። ይህን ሥራ በተሟላ ሁኔታ የሚሠራው አንድ ረድፍ ዛፍ ሳይሆን በደርብ የተደራጀ፣ ከአካባቢው ዝናብና አፈር ጋር የተስማማ የተክል ማኅበር ነው። የኢሉባቦር ከተሞች ይህን ከሩቅ ሀገር መቅዳት አያስፈልጋቸውም፤ ምሳሌው በየከተማው ዳርቻ ባለው የቡና ደን ውስጥ ቆሟል። የሚጎድለው ደንቡን ከቁጥር ወደ ሥራ ማዞርና ለሚተክለው ሰው ዋስትና መስጠት ነው። እናት ዛፎቹ እየተመናመኑ ከሄዱ ግን ደንቡ ዘግይቶ ቢስተካከልም የሚዘራ ዘር አይገኝም።

መልመጃ

1. የትምህርት ቤታችሁ ጣሪያ ስፋት 60 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ቀን 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ከጣሪያው ስንት ሊትር ውኃ ይወርዳል? ይህን ውኃ የሚቀበለው መሬት በምን ተሸፍኗል?

2. በመቱ በታኅሣሥ 12 እኩለ ቀን 8 ሜትር ከፍታ ያለው ዛፍ የሚጥለውን ጥላ ርዝመት አስሉ። ከዚያም በምትኖሩበት ከተማ በዚያው ቀን የአንድ ሜትር በትር ጥላ ለክታችሁ አወዳድሩ።

3. በግቢያችሁ ያሉትን ዛፎች ቁጠሩ። ስንቱ የአካባቢው፣ ስንቱ ከውጭ የመጣ ነው? ከእያንዳንዱ ሥር ስንት ደርብ ተክል አለ? ውጤቱን በሠንጠረዥ አዘጋጅታችሁ ለትምህርት ቤታችሁ የሳይንስ ክበብ ወይም ለቀበሌያችሁ አቅርቡ።